«ማን ቆጠረው?» ብላችሁ ጠይቁ

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፈው አንዳንዶቻችሁን ሊያስቆጣ ይችላል። ግድ የለም። እስከ መጨረሻው አንብቡትና ከዚያ ስደቡኝ።

«2.4 ሚሊዮን አማራ ጠፋ» የሚለውን ያልሰማ ወጣት በመካከላችን የለም። ሰልፍ ላይ ጮኸንበታል፣ በየገጻችን ለጥፈነዋል። እያደር ግን ቁጥሩ በራሱ እግር መሄድ ጀመረ። «ጠፋ» የነበረው «ተገደለ» ሆነ። 2.4 የነበረው 3፣ ቀጥሎ 5 ሚሊዮን ተባለ። እኔም ሳልጠይቅ ካጋሩት አንዱ ነኝ። አንድ ቀን አጎቴ ስልኬ ላይ አይቶት «ይሄን ማን ቆጠረው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። አፈርኩ። ከዚያ በኋላ ነው ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

በ1987 ዓ.ም በተካሄደው ቆጠራ የአማራ ክልል ሕዝብ 13.8 ሚሊዮን ገደማ ነበር። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው ደግሞ 17.2 ሚሊዮን ሆነ። የክልሉ ዓመታዊ ዕድገት 1.7 በመቶ ማለት ነው፤ የአገሪቱ ግን 2.6 በመቶ ነበር። ውጤቱ በ2001 ዓ.ም ፓርላማ ሲቀርብ ጥያቄ ያስነሳው ይሄ ልዩነት ነው። ከቆጠራው በፊት በትንበያ ተሰልቶ ይጠበቅ የነበረው የክልሉ ሕዝብ ከተቆጠረው በ2.4 ሚሊዮን ያህል ይበልጥ ነበር። ራሳችሁም ካልኩሌተር አውጡና ሞክሩት። ክልሉ እንደ አገሪቱ በ2.6 በመቶ አድጎ ቢሆን ኖሮ 19 ሚሊዮን ይሻገር ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የፈጠራ አይደለም። እውነተኛ ጥያቄ ነው።

ግን ልብ በሉ። 2.4 ሚሊዮን የሬሳ ቁጥር አይደለም። በትንበያና በቆጠራ መካከል ያለ ልዩነት ነው። አንድ ሌላ ነገርም እናምታታለን። ይሄ የክልሉ ነዋሪ ቁጥር ነው። በክልሉ ውስጥ አገውም፣ ኦሮሞም፣ አርጎባም ይኖራል። በዚያው ቆጠራ በመላ አገሪቱ ራሱን አማራ ብሎ ያስቆጠረው ሕዝብ ደግሞ 19.9 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁለቱን ቁጥር እያደባለቀ የሚለጥፍ ሰው ወይ አላነበበም፣ ወይ እንድናነብ አይፈልግም።

ልዩነቱ ከየት መጣ? ሰው ሳይቆጠር ታልፎ ሊሆን ይችላል። ከክልሉ ወጥቶ ሌላ ቦታ ተቆጥሮ ሊሆን ይችላል። ወሊድ ቀንሶ ወይም ሞት በዝቶ ሊሆን ይችላል። ወሊድ መቀነሱ እውነት ነው፤ በ1997 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት የአማራ ክልል እናት በአማካይ 5.1 ልጅ ትወልዳለች ሲባል፣ የአገሪቱ አማካይ 5.4 ነበር። ይሄ ብቻውን ግን ያን ሁሉ ልዩነት ይሸፍናል ወይ? እኔ አላመንኩም። የሚያሳምን ማብራሪያ የመስጠት ዕዳው ደግሞ የቆጠረው አካል ነው።

አያችሁ? እያንዳንዱ መልስ የተለያየ ጥያቄ ይወልዳል። ሰው ሳይቆጠር ከታለፈ ሰውየው በሕይወት አለ፤ የተወሰደበት በጀቱና ውክልናው ነው። ሞቶ ከሆነ የት፣ መቼ፣ በምን ሞተ ብለን ማስመርመር አለብን። «5 ሚሊዮን ተጨፈጨፈ» ብለን ስንጮህ ግን ሁለቱንም ጥያቄ በገዛ እጃችን እንገድላለን። ተቀናቃኛችን የተጋነነችዋን አንዷን ቁጥር ነቅሶ ያወጣና «እነዚህ ውሸታሞች ናቸው» ይላል። ከዚያ እውነተኛው ሬሳ አብሮ ይቀበራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይላሉ አባቶቻችን።

አሁን ወደ ዜናው እንምጣ። አድሏዊ ዜና ሁልጊዜ አይዋሽም። ብዙ ጊዜ ቃል ነው የሚመርጠው። «በተፈጠረ ግጭት የሰው ሕይወት አለፈ» ሲባል ገዳይም ተገዳይም የለም፤ ሕይወት ዝም ብሎ እንደ ደመና ያልፋል። «ማንነታቸው ያልታወቀ ታጣቂዎች» ሲባል ጠይቁ፤ በእርግጥ አልታወቁም ወይስ ስማቸውን መጥራት ተፈራ? «በመቶ ፐርሰንት ጨመረ» ሲባል ከስንት ተነስቶ በሉ። ከ1 ወደ 2 መሄድም መቶ ፐርሰንት ነው። በጦርነት ጊዜማ አይነሳ! ሁሉም ወገን የሌላውን ሙት ያበዛል፣ የራሱን ይደብቃል። እኛ የምንደግፈው ወገንም ከዚህ ነፃ አይደለም።

የደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን አስታውሱ። ኅዳር 2012 ዓ.ም ታገቱ። ጥር ላይ መንግሥት 21 ተማሪዎች ተለቀቁ፣ 13 ሴቶችና 8 ወንዶች ናቸው ብሎ ተናገረ። ቁጥሩ በፆታ ሳይቀር ተዘርዝሮ ሲቀርብ እንዴት አይታመን? ወላጆች ግን ልጆቻችን አልመጡም፣ ድምፃቸውንም አልሰማንም አሉ። አንድ የስም ዝርዝር ቢወጣ ኖሮ ክርክሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ቁጥር እንባ ማበሻ ሆኖ ሲቀርብ እንዲህ ነው። ዛሬም ያ ቁጥር ሳይሆን የእናቶቹ ለቅሶ ነው የሚታወሰን።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው? ስም ያለው አንድ ሰው ስም ከሌለው ሺህ ይበልጣል። የመንግሥትን ቁጥር «ስም ዝርዝሩስ?» ብለን ከጠየቅን፣ የራሳችንንም በዚያው ሚዛን መመዘን አለብን። ለእነሱ ወንፊት፣ ለኛ ቁና ካደረግነው ፍትሕ ፈላጊ ሳንሆን ተራ ደጋፊ ነን።

ስለዚህ አንድ የሚያስደነግጥ ቁጥር ስልካችሁ ላይ ሲገባ፣ ጣታችሁ «አጋራ» የምትለዋን ከመንካቱ በፊት እነዚህን ጠይቁ። ማን ቆጠረው? እንዴት ቆጠረው? ቦታው የት ነው፣ ቀኑስ መቼ? ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው በዛ ወይም አነሰ የተባለው? ፎቶውስ የዚህ ቦታና የዚህ ቀን ነው ወይስ ከሌላ አገር የመጣ አሮጌ ምስል? አምስት ደቂቃ ቢፈጅባችሁ ነው። መልስ ከሌለው አታጋሩት። ወገን ተበድሎ ካያችሁ ደግሞ ስሙን፣ ቀበሌውን፣ ቀኑንና የምስክሩን ቃል መዝግባችሁ ያዙ። የምስክሩን ማንነት ግን አደባባይ አታውጡት፤ ለነፍሱ አስቡለት።

«ጉዳዩ ሲቃጠል አንተ ሒሳብ ታስተምረናለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። አዎ፣ እየተቃጠለ ስለሆነ ነው። በአንድ የሐሰት ቁጥር የተቆጣ ጎረምሳ ምንም የማያውቅ ጎረቤቱ ላይ ድንጋይ ቢያነሳ፣ ያ ደም በኛ እጅ ነው። ጎረቤቱ ከየትኛውም ብሔር ይሁን። እኛ የተነሳነው ግፍ እንዲቆም ነው እንጂ ግፍ ቦታ እንዲቀይር አይደለም።

በመጨረሻም፣ ጩኸታችን እዚህ ላይ ይሁን። ሕገ መንግሥቱ የሕዝብ ቆጠራ በየአሥር ዓመቱ ይካሄድ ይላል። በ2010 ዓ.ም መካሄድ የነበረበት አራተኛው ቆጠራ ተራዘመ፤ በ2011 ዓ.ም እንደገና ተራዘመ፤ ይሄው እንደተራዘመ አለ። የፌደሬሽን ምክር ቤት ወንበር ለእያንዳንዱ ብሔር በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይሰጣል። የክልሎች የበጀት ድርሻም ሲሰላ የሕዝብ ቁጥር ይገባበታል። ስለዚህ ያልተቆጠረ ሕዝብ ድምፁም ጎተራውም ይጎድላል። የምንፈልገው ሁሉም ወገን በታዛቢነት የሚገኝበት፣ አቆጣጠሩም ውጤቱም እስከ ቀበሌ ድረስ ለማንም ግልጽ የሆነ ቆጠራ ነው። ውጤቱ እኛ ከጠበቅነው በታች ቢመጣም እንቀበለዋለን ለማለት ወኔው ሊኖረን ይገባል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። እስኪጠራ ድረስ ግን እኛው አናደፍርሰው።

ቆጠራው ይካሄድ! እውነቱ ይነገር!