ጥፋቱ የዓሣው ነው ወይስ የባለቤቱ?

«ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል» የሚለውን ተረት ከልጅነታችን ጀምሮ ያልሰማ ከመካከላችን የለም። ተረቱ የሚነገረው ሳያስፈልገው ነገር ስለሚቆሰቁስ ሰው ነው። እኔ ግን ባለፈው ክረምት ቃል በቃል ሲፈጸም አየሁት፤ ልዩነቱ ዘንዶው ከወንዝ በመውጣት ፈንታ በገንዘብ ተገዝቶ ሳሎን መግባቱ ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ በመጽሔታችን ላይ የማቀርበው ጥያቄ፥ እባብ መሰሉን የባሕር ዓሣ ከሌሎች ዓሦች ጋር አደባልቆ በቤት ውስጥ ማኖር ይገባልን? የሚል ነው።

አንዳንድ አንባቢዎች «ባሕር ለሌለን ለእኛ ይህ ምናችን ነው?» ሳይሉኝ አይቀሩም። ነገር ግን ውሻም ቢሆን፥ ድመትም ቢሆን፥ ዓሣም ቢሆን፥ እንስሳን ከሚኖርበት አምጥቶ በቤቱ የሚያኖር ሰው ኀላፊነቱ አንድ ነውና፥ እስከ መጨረሻው ታግሣችሁ እንድታነቡልኝ እለምናለሁ።

አጎቴ በአሜሪካ አገር በቨርጂኒያ ይኖራሉ። የክረምቱን ዕረፍት ያሳለፍሁት ከእርሳቸው ጋር ነው። ሌሊት ሠርተው ጠዋት ሲገቡ ድካማቸውን የሚረሱት በሳሎናቸው ባለው 200 ሊትር በሚይዝ የጨው ውኃ አኳሪየም ፊት ቁጭ ብለው ነው። በውስጡ ክላውን ፊሽ የሚባሉ ሁለት ብርቱካንማ ዓሦች፥ ከአውራ ጣት የማትበልጥ አንዲት ሰማያዊ ዓሣ፥ ከዓሦቹ ገላ ላይ ተባይ የሚለቅም አንድ ሽሪምፕ፥ አንድም ትንሽ ሸርጣን ነበሩበት። ሰላማቸው የሚያስቀና ነበር።

አንድ ቀን አጎቴ ስኖውፍሌክ ሞሬይ ኢል የሚባለውን ዓሣ ገዝተው ገቡ። ነጣ ባለው ገላው ላይ ጥቁርና ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨበት፥ በእርግጥም ለዐይን የሚያምር ፍጥረት ነው። ሻጩም «ገራም ነው፤ ከሁሉም ጋር ተስማምቶ ይኖራል» ብሏቸው ነበር። በመጀመሪያው ሳምንት ሽሪምፑ ጠፋ። በሁለተኛው ሳምንት ሸርጣኑ ተከተለ። በሦስተኛው ሳምንት ሰማያዊቱ ዓሣ ማታ ታይታ ጠዋት አልተገኘችም። የአጎቴ ልጆች «ነፍሰ ገዳዩ» የሚል ስም አወጡለት። አጎቴም «ቤት ብሰጠው ቤቴን አፈረሰው!» እያሉ አማረሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ግን የእኔ ጥፋት ነው። አንድ ማታ ምግቡን ሰጥቼው ክዳኑን ስመልስ ሁለት ጣት የሚያህል ክፍተት ተውሁ። በማግሥቱ ከሶፋው ሥር እንደ ጠፍር ደርቆ አገኘሁት። አጎቴ ሊያጽናኑኝ ፈልገው «ተወው፤ በገዛ እጁ ነው የሞተ» አሉኝ። እኔ ግን «ጋሼ፥ በእኔ እጅ ነው» አልኋቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ ስለዚህ ዓሣ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፥ የእኔ ብቻ ሳይሆን የቤተ ሰቡ ሁሉ ፍርድ የተሳሳተ እንደ ነበረ ተረዳሁ።

ኢል መልኩ እባብ ቢመስልም እባብ አይደለም፤ በስንጥቡ የሚተነፍስ እውነተኛ ዓሣ ነው። ሞሬይ የሚባለው ወገን ወደ 200 የሚሆኑ ዓይነቶች አሉት። ቅርፊትና የጎን ክንፍ የለውም፤ ገላው በሚያዳልጥ ልባስ የተሸፈነ ነው። አጎቴ ቤት የነበረው ዓይነት ከቀይ ባሕር ጀምሮ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ ድረስ በኮራል ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ይኖራል። አፉን ዘወትር ሲከፍትና ሲዘጋ ያየ ሰው የሚዝት ይመስለዋል፤ ነገር ግን ውኃ ወደ ስንጥቡ እየገፋ መተንፈሱ ነው። ዐይኑ ደካማ ስለ ሆነ ምግቡን የሚያገኘው በማሽተት ነው።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ጉሮሮው ነው። ብዙዎቹ ዓሦች አፋቸውን በሰፊው ከፍተው ምግባቸውን ከውኃ ጋር ይስባሉ። ሞሬይ ግን በጠባብ ስንጥቅ የሚኖር በመሆኑ እንደዚያ ማድረግ አይመቸውም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ሪታ ሜህታና ፒተር ዌይንራይት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2007 እንዳስረዱት፥ በጉሮሮው ውስጥ ጥርስ ያለበት ሁለተኛ መንጋጋ አለው። የፊተኛው መንጋጋ ሲነክስ የኋለኛው ወደ ፊት ተወርውሮ ይይዝና ወደ ሆድ ይጎትታል። እንዲሁም በ2021 በወጣ ጥናት፥ ይኸው ስኖውፍሌክ የሚባለው ዓይነት ከውኃ ወጥቶ በደረቅ መሬት ላይ ምግብ ነክሶ መዋጥ እንደሚችል ታወቀ። እንግዲህ ማታ ማታ ከድንጋይ ወደ ድንጋይ እየተሳበ በሽታ ምግቡን እንዲፈልግ የተፈጠረን ፍጥረት፥ ክዳኑ ከተከፈተ ሣጥን ወጣ ብሎ ጥፋተኛ ማድረግ ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

በዚህ ረገድ ከጥንት ታሪክ የምንማረው አለ። የሮማው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደ ጻፈው፥ ሆርቴንሲየስ የተባለው ስመ ጥር ጠበቃ ስለ ሞተበት ሞሬይ አልቅሷል፤ አንቶኒያ የተባለችውም እመቤት ለምትወደው ሞሬይ የጆሮ ጌጥ አድርጋለታለች። ቬዲየስ ፖሊዮ የሚባል ባለጸጋ ደግሞ ያጠፉ ባሮቹን ለእነዚሁ ዓሦች ይጥል ነበር። አንድ ቀን አውግስጦስ ቄሣር በቤቱ ተጋብዞ ሳለ፥ ዕቃ የሰበረ ባሪያ ወደ ኩሬው እንዲጣል ታዘዘ። ቄሣሩ ግን ባሪያውን አዳነ፤ የባለጸጋውን የብርሌ ዕቃ ሁሉ በፊቱ አሰበረ፤ ኩሬውንም እንዲደፈን አዘዘ። ልብ በሉ! ጨካኙ ማን እንደ ሆነ ለይቶ ቅጣቱን በዓሣው ሳይሆን በባለቤቱ ላይ አደረገ።

ኢልን ከሌሎች ጋር አደባልቆ ማኖር ምንም አይደለም የሚሉ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ። አንደኛው፥ «ይህ ዓይነት የሚበላው ሽሪምፕና ሸርጣን ነው እንጂ ዓሣ አይነካም» የሚል ነው። በእርግጥ ጥርሱ ደነዝ ያለና ቅርፊት ለመስበር የተሠራ ነው። ነገር ግን በጨለማ በስንጥቅ ውስጥ የተኛች ትንሽ ዓሣ ስታጋጥመው ይተዋታል ማለት ዘበት ነው። ሽሪምፕና ሸርጣኑንማ አብሮ ማስገባት በግን ለተኩላ አደራ መስጠት ነው። ሁለተኛው ምክንያት፥ «ከጠገበ አይነካም» የሚለው ነው። ጥጋብ አደጋውን ይቀንሰው ይሆናል፤ ጠባዩን ግን አይለውጠውም። ከዚህም በላይ ምግብ በበዛ ቁጥር ውኃው ይበከላል። ከዓሣው እዳሪና ከምግብ ትርፍራፊ አሞኒያ የሚባል መርዝ ይወጣል፤ ይህንንም በዐይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትራይት፥ ቀጥሎም ጉዳቱ ወደሚያንስ ናይትሬት ይለውጡታል። ባክቴሪያዎቹ በአዲስ ሣጥን ውስጥ እስኪበረክቱ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ያስፈልጋቸዋል። ኢልን ለማጥገብ ተብሎ ሌሎቹን በቆሻሻ መግደል አለና፥ ከአንዱ ጥፋት ሸሽቶ ወደ ሌላው መግባት ይሆናል።

በሌላ ወገን ደግሞ «ከባሕር ጨርሶ መነካት የለበትም» የሚሉ አሉ። የእነዚህን ሐሳብ አከብራለሁ። ሞሬይ በቤት አኳሪየም ውስጥ አይራባም፤ ጫጩቱ ቅጠል የሚመስልና ብርሃን የሚያሳልፍ ሆኖ ለብዙ ወራት በሰፊው ባሕር ላይ እየተንሳፈፈ የሚያድግ ነው። ስለዚህ በሱቅ የሚሸጠው ኢል ከባሕር የተያዘ ነው። ነገር ግን ሰው ያላየውን ፍጥረት መውደድ ስለሚያዳግተው፥ እኔ ፈጽሞ ይከልከል እስከ ማለት አልደርስም። የምለው፥ ከቤቱ ያወጣነው እኛ ከሆንን ዕዳው የእኛ ነው ነው።

የዕዳውም ልክ ይታወቅ። ስኖውፍሌክ በባሕር እስከ 1 ሜትር ሊደርስ ይችላል፤ በቤትም ቢሆን ከግማሽ ሜትር ያልፋል፤ ዕድሜውም ከ10 ዓመት ሊበልጥ ይችላል። ዛሬ የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሆኖ የገዛው ልጅ ትምህርቱን ፈጽሞ ሥራ ሲይዝም ኢሉ ምግብ ይጠብቀዋል ማለት ነው። ለእርሱ 200 ሊትር ትንሹ እንጂ ትልቁ መጠን አይደለም። 200 ሊትር የጨው ውኃ ሁለት ኩንታል ያህል ይመዝናል፤ በሊትር 35 ግራም ሒሳብ 7 ኪሎ ጨው ይገባበታል፤ ሙቀቱም ከ24 እስከ 27 ዲግሪ መጠበቅ አለበት። ቀን የሚሸሸግበት ዋሻ ያስፈልገዋል። ክዳኑ ከባድና የቱቦ ማስገቢያው ቀዳዳ እንኳ የተደፈነ መሆን አለበት። ዐይኑ ጣትን ከሽሪምፕ ለይቶ አያውቅምና ምግቡ በረጅም መቆንጠጫ ይሰጠው። ጎረቤቶቹም በአፉ የማይገቡ፥ ራሳቸውን የሚችሉ ትልልቅ ዓሦች ይሁኑ።

«ታዲያ ይህ ዓሣ ማኅበር አያውቅም ወይ?» የሚል ቢኖር፥ ያውቃል እላለሁ። በ2006 የወጣ ጥናት እንደሚያስረዳው፥ በቀይ ባሕር ግሩፐር የሚባለው ዓሣ ወደ ትልቁ የሞሬይ ዓይነት ዋሻ እየሄደ ራሱን በመነቅነቅ ለአደን ይጠራዋል። ሞሬዩ በስንጥቅ የገባውን ሲያባርር ግሩፐሩ በውጭ ያደባል፤ ወደ ውጭ ያመለጠው ለግሩፐሩ፥ በውስጥ የቀረው ለሞሬዩ ይሆናል። ማኅበር ማለት ይህ ነው፤ ወደው የገቡበት፥ ለሁለቱም የሚጠቅም፥ ያልፈለገም የሚለይበት። በመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያሉት ግን እርስ በርሳቸው አልተመራረጡም፤ መሸሻም የላቸውም። የመረጥንላቸው እኛ ነን።

በቅርቡ አጎቴ በስልክ «ሌላ ኢል ልግዛ ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ጋሼ፥ መጀመሪያ ለእርሱ የሚሆን ሣጥንና ክዳን ያዘጋጁ፤ ክላውን ፊሾቹ ባሉበት ግን ፈጽሞ አይሆንም። ይህ የማይቻል ከሆነ በባሕሩ ይቅር» ብዬ መለስሁላቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «እንግዲያስ ይቅር» አሉኝ።

እኛም ተማሪዎች ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። እንስሳ ወደ ቤታችን ከመግባቱ በፊት ጠባዩን፥ ምግቡንና የዕድሜውን ልክ ጠይቀን እንወቅ። ሳናውቅ አስገብተን ሲያጠፋ ስም ከማውጣት፥ ሲሞትም «በገዛ እጁ» ከማለት እንጠበቅ። «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» እንደ ተባለው፥ የዚህ ነገር ሥሩ ዓሣው አይደለም፤ ክዳኑን የያዘው እጅ ነው።