ከቶኪዮ ግማሽ ሰዓት ወጣ ሲሉ

ጃፓን ሄደው ቶኪዮን ብቻ አይተው አይመለሱ። ከኢኬቡኩሮ ጣቢያ በቶቡ መስመር ፈጣን ባቡር ግማሽ ሰዓት ገደማ ቢጓዙ ካዋጎኤ ይደርሳሉ። ብዙ ነዋሪዎቿ ጠዋት ጠዋት ለሥራ ወደ ቶኪዮ የሚሄዱባት የዳርቻ ከተማ ናት።

ልጆችዎን ይዘው በቀጥታ ወደ አሮጌው የነጋዴዎች መንገድ ያምሩ። በ1893 እ.ኤ.አ. የተነሳ እሳት የከተማዋን ሲሶ ያህል በልቷል። የእንጨቱ ቤት ሁሉ ሲነድ፣ በወፍራም ጭቃ የተለሰኑ መጋዘኖች ተረፉ። ነጋዴዎቹ ይህን አይተው ሱቆቻቸውን እንደ መጋዘን አድርገው ሠሩ። ዛሬ ሰው ፎቶ የሚነሳባቸው ጥቁር ግድግዳዎች እነዚያው ናቸው፤ ለውበት ሳይሆን እሳት ተፈርቶ የተሠሩ።

የስኳር ድንች አይስክሬሙን (ይቅመሱት፣ አይቆጩም!) ቀደም ብለው ይግዙ፤ ብዙ ሱቆች አመሻሹ ላይ ይዘጋሉ። የመንገድ ላይ ቆሻሻ መጣያ እምብዛም ስለማይገኝ ባዶ ፌስታል አይርሱ።

ቶኪ ኖ ካኔ የሚባለው የእንጨት ማማ ደወል በቀን አራት ጊዜ ይደወላል። በእኛ አቆጣጠር የምሽት 12 ሰዓቱን ሳይሰሙ ባቡር አይሳፈሩ። ያን ጊዜ ጎብኚው ተበትኖ፣ ነዋሪው ከሥራ ይመለሳል። በጓሮ መንገዶቹ ቀስ ብለው ይራመዱ፤ የሰው ደጅ ነውና ካሜራዎን ቦርሳዎ ውስጥ ይክተቱ።