አንገት ደፍቶ ላደገ ተማሪ
ልጁን «አታፍጥጥ፣ ትልቅ ሰው ሲያናግርህ አንገትህን ድፋ» ብለን አሳድገን፣ ሥራ ፍለጋ ከቀጣሪ ፊት ሲቀርብ «በራሱ አይተማመንም» ብለን ነጥብ እንቀንስበታለን። ፍርደ ገምድልነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የቡድን ሥራ ሲቀርብ ያየ ያውቀዋል፦ አቅራቢው ጀርባውን ለክፍሉ፣ ፊቱን ለፕሮጀክተሩ ሰጥቶ ስላይዱን ያነበንባል፤ ጥያቄ ሲመጣ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። (እሱም የቡድኑ ደፋር ተብሎ ነው፤ የቀሩት እጃቸውን አጣምረው ከጎኑ ተገትረዋል።) ከየት ይማረው? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው፤ በ2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች በሙሉ የተጀመረው የመውጫ ፈተናም እንደዚያው። በአፍ የሚጠይቅ የለም። አንደኛ ዓመት ላይ የእንግሊዝኛ ተግባቦት ኮርስ መኖሩ ደግ ነው፤ ግን በአፍ መፍቻ ቋንቋው ቆሞ ሐሳቡን ተናግሮ የማያውቅን ልጅ በእንግሊዝኛ ተናገር ማለት ዳዴ ሳይል ሩጥ እንደማለት ነው። እንዲያም ሆኖ አንገት መድፋቱን እንደ አረም እንንቀለው ከሚሉት ወገን አይደለሁም። መምህሩ ሲያስረዳ ዓይኑን ሰበር፣ ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጎ «አዎ» የሚል ተማሪ እየተከታተለ መሆኑን በሚገባ ተናግሯል፤ የውጭ አገር መምህር ግን የደነገጠ ሊመስለው ይችላል። ስለዚህ የቱ ለማን እንደሚሆን ማስለየቱ ይሻላል፦ ለአያት ሰበር፣ ለጠያቂ ኮሚቴ ቀና። ይህን ለማስለመድ አዲስ መጽሐፍ ማሳተም አያሻም፤ ከአንደኛ ደረጃ ጀምሮ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ጠመኔውን ለተማሪ ሰጥቶ የኋላ ዴስክ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል።