የኋላው ቀይ መብራት ከኋላ የምትቀመጡትንም ይመለከታል

ባለፈው የብርድ ወራት አንድ የቤት ሹፌር ወገናችንን ላስተረጉም ተጠርቼ ነበር። ከጣኢፍ በሀዳ መንገድ ወደ መካ ሲወርድ ጉም ውስጥ ከኋላ ተገጭቷል። ሰው አልሞተም። ሦስተኛው ረድፍ ወንበር ላይ የተቀመጠችው የቤት ሠራተኛ እህታችን ግን አንገቷ ተጎድቷል። ከፊሉ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ «የኋላውን የጉም መብራት አብርተህ ነበር?» ተረጎምኩለት። ወንድማችን ዝም ብሎ ቆየና «እንዲህ ዓይነት መብራት አለው እንዴ?» አለኝ። ይህን መልስ ወደ ዐረብኛ መመለስ ከበደኝ። መኪናው መብራቱ ነበረው፤ ሹፌሩን ግን ማንም አላሳየውም።

ጅዳ ጃሚዓ ሰፈር ለምንኖር ሰዎች ጉም የሩቅ ነገር ይመስላል። እዚህ ያለው ሙቀትና አቧራ ነው። ነገር ግን የሀዳ መንገድ ከመካ በኩል ተነስቶ ወደ 2 ሺህ ሜትር ከፍታ ይወጣል። ከቀይ ባሕር የሚመጣው እርጥብ አየር ተራራውን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። በደሴ መንገድ ያለፈ ሰው ጣርማ በርን ያስታውስ፤ ነገሩ ያው ነው። ቤተሰቡ ለሽርሽር ወደ ጣኢፍ ሲወጣ ደግሞ የሚነዳው ወንድማችን፣ ልጆቹን ይዛ ከኋላ የምትቀመጠው እህታችን ናት።

መብራቱ ምንድን ነው? ከመኪናው ኋላ ያለ ደማቅ ቀይ መብራት ነው። የተለመደው የኋላ መብራት አምፖል አብዛኛውን ጊዜ 5 ዋት ሲሆን የጉሙ 21 ዋት ነው፤ ከፍሬን መብራት ጋር እኩል ማለት ነው። ጉም ውስጥ ከኋላ የሚመጣው ሰው ቀድሞ የሚያየው እሱን ነው። በብዙ መኪና አንድ ብቻ ነው፤ በስተግራ፣ በሹፌሩ በኩል። አንዱ ብቻ ሲበራ ብታዩ ተበላሽቷል አትበሉ። ዳሽቦርዱ ላይ ምልክቱ ብጫ ነው፤ የመብራት ቅርጽ፣ በስተቀኙ ሦስት መስመሮች፣ በመስመሮቹ ላይ የሚያልፍ ጠመዝማዛ ሰረዝ። አረንጓዴውና መስመሮቹ በስተግራ ያሉት የፊተኛው የጉም መብራት ነው።

ሌላ የሚያታልል ነገር አለ። በአዳዲስ መኪኖች ቀን ላይ ከፊት የሚበራው መብራት በራሱ ጊዜ ይበራል፤ ኋላው ግን ብዙ ጊዜ ጨለማ ነው። ሹፌሩ ከፊቱ ብርሃን ስላየ መብራቱ ሁሉ የበራ ይመስለዋል። ስለዚህ ጉም ሲመጣ አጭሩን መብራት በእጅ ማብራት፣ ከዚያ የኋላውን የጉም መብራት መጨመር ነው። ረጅሙን መብራት ግን አታብሩ፤ ጉሙ ላይ ነጥሮ ዓይናችሁን ይወጋል።

መቼ ይበራል? በእንግሊዝ ደንብ ከ100 ሜትር ማዶ ማየት ሲያቅት ነው፤ የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት ያህል። ጀርመን ከዚህም ታጠብቀዋለች፦ እይታው ከ50 ሜትር ሲያንስ ብቻ፣ ፍጥነቱም ከ50 ኪሎ ሜትር ሳይበልጥ። ለከባድ የአቧራ ማዕበልም ይጠቅማል። ጉሙ ሲገፈፍ ግን ወዲያው ይጠፋል። ጅዳ ከተማ ውስጥ፣ በጥሩ እይታ፣ አብርቶ መሄድ ጥፋት ነው። ከኋላ ያለውን ሰው ዓይን ይወጋል፤ ከፍሬን መብራት ጋር እኩል ስለሚደምቅም ፍሬን መያዛችሁን ይሸፍናል።

እዚህ አገር ጉም ሲመጣ አራቱንም ፍሬቻ አብልጭልጮ መንዳት ልማድ ሆኗል። እኔ ይህን ልማድ እቃወማለሁ። አራቱም ሲያበለጨልጩ ወደ ግራ ትዞሩ ወደ ቀኝ አይታወቅም፤ ከኋላ ያለውም የቆማችሁ መስሎት ሊደናገጥ ይችላል። አራቱ ፍሬቻ ለቆመ መኪና ነው። እ.ኤ.አ. በማርች 2008 በአቡዳቢና በዱባይ መካከል በአሥሮች የሚቆጠሩ መኪኖች በጉም ተደራርበው ሰው ሞቷል። ጉም ውስጥ ቀዳሚው መድኃኒት ዝግ ማለትና ርቀት መጠበቅ ነው፤ መብራቱ ይህን አይተካም።

መኪናው መብራቱ ከሌለውስ? በአሜሪካ ሕግ ግዴታ ስላልሆነ ከዚያ ተገዝተው በሚመጡ ብዙ መኪኖች ላይ የለም። ማስገጠም ይቻላል፤ ግን መኪናው የእናንተ ስላልሆነ መጀመሪያ ባለቤቱን አስፈቅዱ። ሥራውንም የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው፦ በስተግራ፣ ከፍሬን መብራቱ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ የራሱ ማብሪያና ፊውዝ ኖሮት፣ ዋናው መብራት ሲጠፋ አብሮ እንዲጠፋ። ከገበያ የሚገዛ ብልጭልጭ ቀይ መብራት ይህን አይተካም።

«የመኪና ነገር የባለቤቱና የሹፌሩ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» የምትለኝ እህት ትኖራለች። አንቺን ነው እንጂ የሚያገባው። በትልቁ መኪና መጨረሻ ወንበር ላይ፣ ከሻንጣው ጎን የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። ከኋላ የሚመጣው መኪና መጀመሪያ የሚደርሰው አንቺ ዘንድ ነው። ቀበቶሽን እሰሪ፤ ቀበቶ በዐረብኛ «ሒዛም» ነው። ጉም ካየሽ በአክብሮት ተናገሪ፦ «ለው ሰመሕት፣ ሸጊል ኑር አድ-ደባብ አል-ወራኒ»፤ እባክህ የኋላውን የጉም መብራት አብራ ማለት ነው። «ሹወያ ሹወያ» ደግሞ ቀስ በል ነው። በትሕትና የተባለ ቃል ማንንም አያስቆጣም ብዬ አልምልም። ብዙ ከፊሎች ግን ልጆቻቸው እዚያው መኪና ውስጥ ስላሉ ይሰማሉ።

ወንድሜ ሹፌሩ፣ ዛሬ ማታ መኪናው ቆሞ ሳለ መብራቱን አብራና ወርደህ ኋላውን እይ። እህቴ፣ አብረሽው ውረጂ፤ የት እንዳለ አንቺም እወቂው። አደጋ ከደረሰ በመካ ክልል የሚደወለው 911 ነው።