ውዝፍ ደመወዝ

«ሰው በሚራብበት አገር ለድመት ይዋጣል ወይ?» ይኸ ጥያቄ ከሰሞኑ በመኝታ ክፍሉም፣ በሻይ ቤቱም፣ በቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይም ሲወረወር ሰንብቷል። ሲወረወር ማለቴ ጠያቂው መልስ ስለማይጠብቅ ነው፤ ወርውሮ ይሄዳል። እስቲ ዛሬ ቆም ብለን እንነጋገርበት።

ነገሩን ላልሰማችሁ፦ ከምግብ አዳራሹ መጋዘን ጀርባ በማዳበሪያ ተቋጥረው የተጣሉ አምስት የድመት ግልገሎች ተገኙ። ዕድሜያቸው ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ዓይናቸው በመግል ተጣብቋል፤ አፍንጫቸው ተደፍኗል፤ ሁለቱን ያስቀምጣቸዋል። ጥቂት ልጆች የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሊወስዷቸውና እስኪያገግሙ ሊቀልቧቸው ብለው ካርቶን ይዘው መዋጮ መለመን ጀመሩ። ወንጀላቸው ይኸው ነው።

እኔ ግን «መለመን» የሚለውን ቃል አልቀበልም። ድመት ወደ ሰው የተጠጋችው ሰው እህል ማከማቸት ከጀመረ ወዲህ ነው፤ እህሉ አይጥን ጠራ፣ አይጡ ድመትን ጠራ። ቆጵሮስ ደሴት ላይ 9,500 ዓመት ገደማ በሆነው መቃብር ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት መገኘቷ እ.ኤ.አ. በ2004 ይፋ ሆኗል። ውሉ ይህን ያህል የቆየ ነው። የኛንስ መጋዘን፣ የምስሩንና የሽሮውን ጆንያ፣ ሌሊቱን የሚጠብቀው ማነው? ዘበኛው እንዳትሉኝ፤ ዘበኛው የሚጠብቀው በሩን ነው። ጆንያውን የምትጠብቀው ያቺ ግራጫዋ እናታቸው ናት! በጉልበቷ ተጠቅሞ ስትወልድ ልጆቿን በማዳበሪያ ቋጥሮ መጣል ምን ይባላል? የታሪክ ተማሪዎች ስም አታጡለትም።

«ትራፊ ትበላ የለም እንዴ!» ይላል ደግሞ ሌላው። ትራፊያችንን እናውቀዋለን። በሁዳዴ 55 ቀን ሽሮ የነካው እንጀራ ነው። በፍስኩም ቢሆን ያለ ሽንኩርት የሚሠራ ወጥ የለንም፤ ሽንኩርት ደግሞ የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ የሚያፈርስ መርዝ ነው። ደመወዟን በመርዝ እየከፈልናት ነው ማለት ነው።

ሰው ይቀድማል? አዎ ይቀድማል፤ ማን ካደ? ግን ለተፈናቀሉ ወገኖች ልብስ ሲሰበሰብ በየክፍሉ እየዞሩ በር ያንኳኩት እነዚሁ ካርቶን የያዙት ልጆች ነበሩ። ዛሬ ስለ ሰው የሚቆረቆሩልን ወንድሞች ያን ለት በር ዘግተው ካርታ ይጫወቱ ነበር። እኔም አብሬ ስላንኳኳሁ አውቃለሁ።

ከነዚህ ይልቅ የሚያናድዱኝ ግን አዛኞቹ ናቸው። መጥተው «ውይ ሲያሳዝኑ!» ይላሉ፣ በስልካቸው ፎቶ ያነሳሉ፣ በሲኒ የላም ወተት አስቀምጠው ይሄዳሉ። የላም ወተት የባሰ ያስቀምጣቸዋል እኮ! ሆዳቸው የወተቱን ስኳር በቅጡ አይፈጭም፤ እፍኝ የማትሞላ ፍጥረት በተቅማጥ ውኃዋ ካለቀ አንድ ቀን አታድርም። አንዱማ «ትኩሳት አላት» ብሎ ፓናዶል ሰባብሮ ሊያውጣት ሲል ተደረሰበት። አንድ ፍሬ ፓራሲታሞል ትልቅ ድመት ሊገድል ይችላል። ለነሱ የሚሆነው ለድመት ግልገል የተዘጋጀ የዱቄት ወተት ነው፤ እሱም ውድ ነው። የቀዘቀዘች ግልገል ደግሞ ምግብ ከመቅመሷ በፊት መሞቅ አለባት፤ ሃይላንድ ሙቅ ውኃ ሞልቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ አጠገቧ ማድረግ ይበቃል። ይኸን ለማድረግ ግን አጠገቧ መቀመጥ ይጠይቃል፤ ፎቶው አይቀመጥላትም።

«የእብድ ውሻ በሽታ ቢያስይዙንስ?» የምትሉት ብቻ ቁም ነገር ጠይቃችኋል። መዋጮውም አንዱ ለዚሁ ነው፤ ሦስት ወር ሲሞላቸው ይከተባሉ። የነከሱት ወይም የቧጨሩት ሰው ቢኖር ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ አጥቦ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይሂድ፤ «ምንም አይለኝም» የሚባል ጀግንነት እዚህ ላይ አይሠራም። እናቲቱንም ማምከን አለብን፤ አለዚያ ከጥቂት ወር በኋላ ሌላ ማዳበሪያ ይቋጠራል።

ይኸን ሁሉ መክፈል የነበረበት መጋዘኑ የሚጠበቅለት ክፍል ነው። ጥያቄው በጽሑፍ ገብቷል፤ መልስ አልመጣም። እስከዚያው ካርቶኑ ከቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ አለ። ሒሳቡ በየሰኞው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፤ አንድ ብር የጎደለ የመሰለው መጥቶ ይቁጠር። ገንዘብ የሌለው የሌሊት ተራ ይያዝ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ተራ እስካሁን ሰው የለውም።