ባዶ እግሩን ያለው ልጅ ስንት ጊዜ ይሩጥ?

የማርቭል ፊልም ሰለቸን ማለት ፋሽን ሆኗል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በ«አይረን ማን» የተጀመረው ነገር በ2019 «ኤንድጌም» ላይ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰበ። በ2023 «ዘ ማርቭልስ» ሲወጣ ግን አዳራሹ ጭር አለ። ተራ ሰው ኃይል ያገኛል፣ ይወድቃል፣ ተነስቶ ከተማውን ያድናል። በቃ። ግን እኛ በምን አፋችን ነው የምንስቀው? የራሳችን ሱፐርሂሮ ፊልም አለን እኮ፤ ካባ የለውም እንጂ። ቦታው አርሲ ነው።

ጭጋግ የለበሰ ጭላሎ። የገብስ ማሳ። ደብተሩን ብብቱ ስር ወሽቆ በባዶ እግሩ የሚሮጥ ልጅ። «ሩጫ ምን ይሆንሃል?» የሚል አባት። ከዚያ ስታዲየም፣ የመጨረሻው ዙር ደወል፣ ባንዲራ፣ እንባ። እኔ እንጀራዬ ኮድ መጻፍ ነው፤ ስምና ርቀት ብቻ እየቀየሩ ደግሞ ደጋግሞ ማስኬድ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ላይ ቅሬታ የለኝም። በ1999 የወጣው የሌስሊ ውድሄድ «ኢንዱራንስ» ኃይሌን ራሱን ኃይሌ አድርጎ አሠርቶታል፤ ያኔ አዲስ ነበር። ችግሩ ከዚያ ወዲህ የበዓል ፕሮግራሙም፣ የባንክ ማስታወቂያውም እሱኑ መቅዳቱ ነው።

ቀመሩ ደግሞ ዋናውን ነገር ይበላዋል። ደራርቱ በ1992 ባርሴሎና ላይ አሸነፈች፤ ፊልሙ እዚያ ያልቃል። ልጅ ወልዳ በ2000 ሲድኒ ላይ በዚያው 10,000 ሜትር እንደገና ወርቅ የወሰደችው ሴትዮስ? እነዚያ ስምንት ዓመታት እኮ ናቸው ፊልሙ! በ2005 መጀመሪያ ቀነኒሳ እጮኛው አብራው ልምምድ ላይ እያለች ሞተችበት። በመጋቢት ፈረንሳይ ሄዶ የዓለም አገር አቋራጭን በሁለቱም ርቀት አሸነፈ። ቀመሩ ይሄን ቢያገኝ «ሐዘኑ ኃይል ሆነው» ብሎ ይዘጋዋል፤ ልክ ሸረሪት እንደነከሰችው። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱም፣ ደራርቱንም ቀነኒሳንም ጥሩነሽንም ከበቆጂ ያስጀመረው የስፖርት መምህር፣ አንድ ጥቅስ ተናግሮ የሚጠፋ ሽማግሌ ይሆናል። የከፍታው አየር ብቻ ቢበቃ ኖሮማ ደጋው ሁሉ ሻምፒዮን በሆነ።

«ልጆችን ያነቃቃል» ትሉኝ ይሆናል። እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው። ሲኒማ ቤት ገብቶ ነገ ሸረሪት ይነክሰኛል ብሎ ትምህርት የሚያቆም የለም። በአርሲ ግን ታሪኩን አምኖ ደብተሩን የሚጥል አለ፤ ሳይሳካለት ሲቀር ደግሞ ቀመሩ «አጥብቀህ አልፈለግከውም» ይለዋል። ክለብ፣ ጉዳት፣ ምግብ፣ ዕድል የሚባል ነገር እዚያ ውስጥ የለም።

ከዚህ የወጣ አንድ ፊልም አውቃለሁ፤ የጄሪ ሮትዌል «ታውን ኦቭ ረነርስ»፣ 2012። ሁለት የበቆጂ ልጃገረዶችን ለዓመታት ይከተላል፤ ክለብ ይገባሉ፣ ይቸገራሉ፣ መጨረሻው ላይ የኦሎምፒክ ወርቅ የለም። ውድሄድም ሮትዌልም እንግሊዛውያን መሆናቸውን ልብ በሉ። ኦሪጅናሉንም፣ ማፍረሻውንም እነሱ ሠሩ፤ እኛ ኮፒውን ይዘን ቀረን።

እስቲ በማጣሪያ አራተኛ ወጥቶ ወደ አሰላ የተመለሰ፣ ዛሬ ባጃጅ የሚነዳ፣ ጠዋት ጠዋት ግን አሁንም አስፋልቱ ዳር የሚሮጥ ልጅ ፊልም ሥሩልን። ለምን እንደሚሮጥ እኔም ማወቅ እፈልጋለሁ።