የቃል ዘርና የጥበብ ባለቤትነት

የሙዚቃ መሣሪያ ስም ከየት እንደ መጣ መመርመር የተከበረ ሙያ ነው። ነገር ግን ስሙ የተገኘበትን ቋንቋ የጥበቡ ባለርስት አድርጎ መሾም ምርምር ሳይሆን አድልዎ ነው።

የጀርመንኛው «ላውተ» ለዚህ ዓይነተኛ ምስክር ነው። የዚህ በጣት የሚደረደር ባለ ብዙ አውታር መሣሪያ ስም የመጣው ከዐረብኛው «አል-ዑድ» ሲሆን ትርጉሙ «እንጨቱ» ማለት ነው፤ የቃሉ መነሻ «ላ» በዐረብኛ ከስም ፊት ከሚገባው «አል» የተረፈች ናት። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1750 ያረፈው ጀርመናዊው ሲልቪዩስ ሌኦፖልድ ቫይስ ለላውተ የደረሰውን ዜማ የዐረብ ነው የሚል የለም። ቃሉ በውሰት መጣ፤ ጥበቡ ግን በባለሙያው እጅ ተሠራ።

ታዲያ ለቫይስ የተፈቀደው ለአርሲ ደገኛ ስለ ምን ይከለከላል? «መሰንቆ» «ሰንቀወ» ከሚለው የግዕዝ ግስ የወጣ ስም ነው፤ ኦሮምኛም ይጠቀምበታል። ከዚህ ተነሥቶ በጭላሎ ግርጌ በኦሮምኛ የሚዜመውን የመሰንቆ ዘፈን «የተውሶ ጥበብ» ማለት መሠረት የለሽ ድምዳሜ ነው። በግዕዙ መዝሙረ ዳዊት «መሰንቆ» የግሪኩን «ኪታራ» ይተረጉማል። ኪታራ ግን ባለ ብዙ አውታር፣ እንደ ክራር የሚመታ መሣሪያ ነበር፤ የዛሬው መሰንቆ ባለ አንድ ጭራ ሆኖ በደጋን ይገዘገዛል። ስሙ ራሱ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ከተሻገረ፣ የማንን ርስት ሊመሰክር ይችላል?

ተቃራኒው ስሕተትም ከዚህ አይሻልም፤ ይኸውም የድምፅን መመሳሰል ብቻ ይዞ መሰንቆን ከአርሲ እናቶች «ሲንቄ» ማውጣት ነው። በ«መሰንቆ» መነሻ ያለችው «መ» ግዕዝ ከግስ የመሣሪያ ስም የሚያወጣባት ፊደል ናት፤ ከሲንቄ ጋር አትገናኝም። ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት በትር ናት። ሴቶች ክብራቸው ሲደፈር እርሷን ይዘው በዜማ ይሰለፋሉ፤ በጠበኞች መካከል ስትገባም ጠብ ይበርዳል። ይህን ያህል ሥልጣን ያላት በትር የሐሰት የዘር ሐረግ አያስፈልጋትም።

እንግዲህ በአሰላም ሆነ በበቆጂ ለሚያስተምር መምህር፣ ለባህል ሠራተኛውና ለከያኒው ተቀዳሚው ተግባር ግልጽ ነው፦ የመሰንቆው ቆዳ ከምን እንስሳ እንደ ተገኘ፣ ጭራው እንዴት እንደሚወጠር፣ ዜማው በምን ቅኝት እንደሚሄድ፣ ባለሙያውም ከማን እንደ ተማረ በሕይወት ካሉት አንደበት መመዝገብ። የቃሉ ዘር መዝገበ ቃላት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ አዛውንቱ ባለመሰንቆ ግን አይጠብቁም።